ከርጭቱ በፊት ችግኙ
በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂና በባቱ ዙሪያ ቲማቲም ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ማዳበሪያ መጨመር ወይም መድኃኒት መርጨት ነው። ተክሉ ቢነቀል ግን ሥሩ አባብጦ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ኔማቶድ የተባለው፣ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ሥራ ነው። አንዷ እንስት በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች፤ በሞቃት አፈር አዲስ ትውልድ በወር ገደማ ይደርሳል። ትሉ በራሱ ርቆ አይሄድም፤ ከማሳ ማሳ የሚያደርሰው የተበከለ ችግኝ፣ አፈርና የመስኖ ውኃ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከርጭት ይልቅ ንጹሕ ችግኝ ላይ ቢውል ይሻላል። የሚቋቋም ዝርያ አለ የሚሉ ልክ ናቸው፤ ሆኖም የቲማቲሙ የመቋቋም ባሕርይ የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ይዳከማል፣ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ደጋ አይደለም። ትሉን ሰብል በማፈራረቅ ለመግታት መሬቱ አይበቃንም የሚለው የአነስተኛ ገበሬ ቅሬታ ይበልጥ ያሳስባል። የችግኝ መደብን እርጥብ አፈር በፕላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማጋል ግን ሰፊ መሬት አይጠይቅም። ሥሩ ያልተመረመረ ችግኝ መሸጥ ይከልከል።