ኤሌክትሪክ የወንድን ድካም ይፈውሳልን?

ስንፈተ ወሲብ በአደባባይ የማይነሣ ነገር ነው። ሆኖም ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 በሆኑ የአሜሪካ ማሳቹሴትስ ወንዶች ላይ ተደርጎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፣ ከመቶው 52ቱ ይነስም ይብዛም ችግሩ እንዳለባቸው ገልጧል። የብዙዎች የሆነውን ችግር እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚደብቀው ነጋዴ ከሐኪም ቀድሞ ይደርስበታል። ዛሬ «ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃ» እየተባለ የሚሸጠውም መሣሪያ የዚሁ ንግድ ክፍል ስለ ሆነ፣ እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ መመልከት ይገባል።

ነገሩ ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም። የጀርመን አገር ሊቅ ኮንራድ ኤክሃርድ በ1863 በውሾች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ወደ ብልት የሚሄዱት ነርቮች በኤሌክትሪክ ሲነኩ ብልቱ በደም ሞልቶ እንደሚቆም አሳይተዋል። ቈየት ብሎም እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ጃይልስ ብሪንድሊ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ሽንታቸውን መቆጣጠር ላቃታቸው ሰዎች ከነርቭ ሥር ጋር የሚያያዝ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው ፊኛን ከማዘዙም በላይ በአንዳንድ ወንዶች ላይ ብልትን ለማቆም ረድቷል። ነገር ግን ለፊኛው ጥቅም ሲባል ስሜት አመላላሾቹ የነርቭ ሥሮች ከተቈረጡ፣ በንክኪ ይመጣ የነበረው መቆም ይጠፋል።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። ሊቃውንቱ የነኩት ነርቩን ራሱን ሲሆን፣ ነጋዴው የሚሸጠው ከቆዳ ላይ የሚታሰር መታጠቂያ ነው። ይህም አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በ1902 በአሜሪካ በፖስታ ይሸጥ የነበረ የኤሌክትሪክ መታጠቂያ በ18 ዶላር ወንድነትን እንደሚመልስ ይነገርለት ነበር። ያች አገር የሕክምና መሣሪያዎችን ከመድኀኒት ጋር በአንድ ሕግ ሥር ያዋለችው በ1938 ነው። ዛሬ ከቆዳ ላይ ስለሚደረገው ሕክምና ተስፋ የሚሰጡ ጥናቶች ቢኖሩም፣ የተመረመሩት ሰዎች ጥቂቶች ስለ ሆኑ የታወቀ ሕክምና ለመሆን አልበቃም።

ተስፋው ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1998 የወጣው ቪያግራ የተባለው ክኒን የሚሠራው ነርቩ መልእክቱን ሲያደርስ ነው። ስለዚህ በፕሮስቴት ቀዶ ጥገና ነርቩ ለተጎዳበት ሰው ክኒኑ ብዙ ጊዜ አይበቃውም፤ ተመራማሪዎችም በኤሌክትሪክ ሊረዱት የሚጥሩት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ነገ ፈቃድ በሚሰጥበት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ወጣት፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲቀርብለት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፤ በስንት ሰው ላይ ተፈተነ? ኤሌክትሪክ ከሌለው ተመሳሳይ መሣሪያ ጋርስ ተወዳድሯልን?

ከሁሉም በላይ ድካሙ ራሱ መልእክተኛ ሊሆን ይችላል። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች የቀጠኑ በመሆናቸው የመጥበብ በሽታ ብዙ ጊዜ በእነርሱ ቀድሞ ይታያል፤ የስኳር በሽታም በዚሁ መንገድ ሊገለጥ ይችላል። አፍሮ መታጠቂያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውንም ያጣል። በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት አይገኝለትም።