ሆድ ይፍጀው እስከ መቼ?

በኦስሎና በአካባቢዋ በምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ስደተኞች መካከል የማይነሣ ርእስ የለም። ስለ መሬት፣ ስለ ብሔረሰቦች፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ ተጣልተን እንታረቃለን፤ ታርቀን እንደገና እንጣላለን። ከመካከላችን አንዱ በአእምሮ ሕመም የተያዘ እንደ ሆነ ግን ክርክሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። ድምፅ ዝቅ ይላል፣ በር ገርበብ ይደረጋል፣ «ትንሽ ደክሞት ነው»፣ «ትምህርት በዝቶበት ነው» ይባላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የሰውዬው ስም ከነጭራሹ አይነሣም። ይህ ዝምታ «ገበና መሸፈን» እየተባለ ይወደሳል። እኛ ግን ሰውን በቁሙ መቅበር ነው እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተውም ከዚሁ ዝምታና ለዝምታው ጥብቅና ከቆሙት ሁለት አስተሳሰቦች ጋር ነው።

አስቀድሞ አንድ ተረት መፍረስ አለበት። ይኸውም ሕመሙ የእገሌ ዘር ጣጣ ነው፣ «ይዞት የመጣው ነው» የሚለው ነው። ይህን ተረት የእኛ ሰዎች ብቻ አልፈጠሩትም፤ በምንኖርባት ከተማም የሊቃውንት ካባ ለብሶ ኖሯል። ከ1825 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አንሥቶ በአንድ መቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ 800,000 ያህል ኖርዌያውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። ኦርኑልፍ ኦዴጎር የተባለ ኖርዌያዊ የአእምሮ ሐኪም፣ ኋላ የኦስሎው የጋውስታድ ሆስፒታል ኃላፊ የሆነው፣ በሚኒሶታ ግዛት የሰፈሩትን ወገኖቹን አጥንቶ በ1932 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በብርቱ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡት ኖርዌያውያን ስደተኞች እዚያው ከተወለዱት አሜሪካውያንም፣ አገራቸው ከቀሩት ኖርዌያውያንም በዝተው ተገኙ። ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ የታመመው ሐበሻ አይደለም፤ ዛርም ቡዳም የማያውቀው የፊዮርድ ገበሬ ልጅ ነው። ኦዴጎር ግን ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ለመሰደድ የሚነሣሣው ቀድሞውኑ ለሕመሙ የተጋለጠ ተፈጥሮ ያለው ሰው ነው አለ። በእኛ ቋንቋ «ይዞት የመጣው ነው» ማለቱ ነው።

ለዚህ አባባል መልስ የሰጠው ራሱ ስደተኛ የነበረ ሰው ነው። ሌዮ አይቲንገር በሞራቪያ የተወለደ አይሁዳዊ ሐኪም ሲሆን፣ ናዚዎችን ሸሽቶ በ1939 ኖርዌይ ገባ፤ እዚህም ተይዞ በ1943 ወደ አውሽዊትዝ ተጋዘ። ከሞት ተርፎ ሲመለስ የአእምሮ ሕክምና አጠና፤ በ1958 በኖርዌይ የሚኖሩ ስደተኞችን የሚመለከት ጥናቱን አቀረበ፤ በኋላም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በስደተኞች መካከል ብርቱ የአእምሮ ሕመም ከአገሬው ሕዝብ በእጅጉ በልጦ ቢያገኘውም ጣቱን በዘራቸው ላይ ብቻ አልቀሰረም። ያሳለፉትን መከራ፣ ከዚያም በላይ እዚሁ የሚገፉትን የብቸኝነትና የዋስትና ማጣት ኑሮ ከምክንያቶቹ ቈጠረ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ማስረጃ የሚያመዝነው ወደ አይቲንገር ነው። በ2005 የወጣና በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉትን ምርምሮች ያሰባሰበ ጥናት እንዳመለከተው፣ በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድል ለስደተኞች ከሌላው ሰው 2.7 እጥፍ ሲሆን፣ በተሰደዱበት አገር ለተወለዱት ልጆቻቸው 4.5 እጥፍ ነው። ሕመሙ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አገር ቤትን በፎቶግራፍ የሚያውቀው ልጅ ከአባቱ ይብስ ነበርን? በጎረቤት ስዊድንም 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተ የ2016 ጥናት፣ ጥገኝነት የተሰጣቸው ስደተኞች ከዚያው ከመጡበት የዓለም ክፍል በሌላ ምክንያት ከገቡት ይልቅ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው በ66 ከመቶ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል።

ታኅሣሥ ሲገባ «ጨለማው ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በዚያ ወር የኦስሎ ቀን ስድስት ሰዓት እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ያለ ፀሐይ የሚታመም ሰውም አለ። ነገር ግን በሐምሌ ሌሊቱ እንደ ቀን በሚበራበት ጊዜ በመጠለያ ጣቢያ ተቀምጦ መልስ የሚጠብቀውን ምን እንበለው? በጥር 2012 የኖርዌይና የኢትዮጵያ መንግሥታት ማመልከቻቸው ውድቅ የሆነባቸውን ለመመለስ ሲፈራረሙ፣ ዓመታት ለጠበቀ ሰው ያ ዜና እንቅልፍ የሚነሣ ነበር። የዚያን ዓይነቱን እንቅልፍ የሚነሣው ጨለማ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ አስተሳሰቦች እንመለስ። የመጀመሪያው፣ ነገሩ የመንፈስ ነው፣ የፈረንጅ ሐኪም ኪኒን እያዋጠ ያደነዝዘዋል እንጂ አያድነውም፣ ስለዚህ ትኬት ተቈርጦለት ወደ አገሩ ይመለስና ጠበል ይግባ የሚል ነው። በጠበል አንዘባበትም። እናቶቻችን በእንጦጦ ማርያም ደጅ የሚጠኑት ሞኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ጠበል ባለበት ማኅበር፣ ተስፋና አብሮ የሚያድር ሰው ስላለ ነው። የዛር ቤቱ ነገር እንኳ ሳይዛባ ይታይ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የመዘገበውን፣ ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊም በ1958 እንደ ማኅበር ፈውስ አድርጎ የተነተነውን ስናይ፣ በዚያ ቤት ታማሚው ብቻውን አይቀመጥም፤ ቡናው ይፈላል፣ ከበሮው ይመታል፣ ያሠቃየው ነገር በስሙ ይጠራል፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ዛሬ «ባህላችን ነው» ብለው ሕመምተኛውን በአንዲት የተማሪ ክፍል ዘግተው የሚሸሽጉት ከዚህ ባህል ምኑን ወረሱ? መንፈሱን ይዘው ማኅበሩን ጣሉት።

የመሸሸጉ ልማድ አገር ቤትም ሥር የሰደደ መሆኑን አንክድም። በቡታጅራ ገጠር ሕመምተኛ ያለባቸውን ቤተሰቦች የጠየቀ፣ በ2001 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ100 ዘመዶች 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል ደርሶብናል ብለዋል፤ ከሦስት አንዱ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ ፈልገዋል። ግን አገሩ ባለበት አልቆመም። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ አስታወቁ። በቅርብ ዓመታትም የአዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪሞች በእንጦጦ ከካህናት ጋር ተባብረው ለመሥራት ተነሥተዋል። ካህኑና ሐኪሙ በአንድ ግቢ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ ኦስሎ ያለው ምሁር ከሁለቱ አንዱን ምረጥ እያለ ሕመምተኛን ያስጨንቃል! ትኬት ቈራጮቹም አንድ ነገር ይመልሱልን። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው ገና በ2003 ነው። ሕመምተኛው አውሮፕላን ላይ ከተሳፈረ በኋላ ማን ይቀበለዋል? መድኃኒቱ ሲያልቅ ከየት ያገኛል? ይህን ሳይጠይቁ «አገሩ ይሻለዋል» ማለት የሸክም ማራገፊያ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው አስተሳሰብ ሠልጥኛለሁ ባዩ ነው። ጠበሉም ዛሩም የኋላ ቀርነት ቅሪት ነውና ወገኑን ለሆስፒታል አስረክቦ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ይህ ወገን የፈረንጅን ሕክምና የሚያመልከው ታሪኩን ስለማያውቅ ነው። በዚሁ በጋውስታድ ከ1941 ጀምሮ ሎቦቶሚ የሚባለው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ይደረግ ነበር፤ በመላው ኖርዌይ ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰዎች ተቀድደውበታል፤ መንግሥት ለተጎዱት የካሳ ሕግ ያወጣው በ1996 ነው። ይህን የምናነሣው ሰውን ከሐኪም ለማስበርገግ አይደለም። የዛሬው ሕክምና ያ አይደለም፤ መድኃኒቱም የብዙዎችን ሕይወት መልሷል። የምንለው፣ ሐኪም ጠያቂ ዘመድ ያስፈልገዋል ነው።

ደግሞስ በምን ቋንቋ ነው የሚያስረክበው? የእኛ ሰው ኀዘኑን በሆዱ፣ ተስፋውን በልቡ፣ ጭንቀቱን በራሱ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ሆዴ ባባ» ቃል በቃል ቢተረጐም የጨጓራ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ «ልቤ ተሰበረ» ቢል የልብ መሣሪያ ደረቱ ላይ ይለጠፋል፤ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል» ቢል የራስ ምታት ኪኒን ተሰጥቶት ይሰናበታል። «ድምፅ ትሰማለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅም፣ አንዷ በጸሎቷ መካከል እመቤታችን አጽናናችኝ ብትል ጤነኛ ስትሆን፣ ሌላው የሚሰድበውን ድምፅ ሌት ተቀን እየሰማ፣ እብድ እንዳይሉት ፈርቶ «አልሰማም» ይላል። ሁለቱን መለየት የሚችል ቋንቋውንም አኗኗሩንም የሚያውቅ ሰው ነው። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኖርዌይ የአስተርጓሚ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ልጆችን ለአስተርጓሚነት መጠቀምንም ይከለክላል። አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እሑድ ከአጠገቤ የሚያስቀድስ ሰው እንዴት ገበናዬን ይስማ የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። ለዚህም ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው መጠየቅ ይቻላል። አብዛኛው ሕመምተኛ ግን ይህን መብቱን አያውቅም፤ የሚነግረውም የለም።

ሁለቱ አስተሳሰቦች በአፍ ጠላቶች፣ በተግባር ግን ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ለመንፈስ፣ ሌላው ለሐኪም አስረክቦ ሁለቱም እጃቸውን ይታጠባሉ። የሚያስተሳስራቸውም ኀፍረት ነው። እስቲ ኀፍረቱን እንመርምረው። በነሐሴ 1998 የዚህ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ሼል ማግነ ቦንደቪክ፣ ሥልጣን ላይ እያሉ፣ የመንፈስ ጭንቀት ስላደረባቸው የሕመም ፈቃድ መውሰዳቸውን ለሕዝብ አሳወቁ። ከሦስት ሳምንት በላይ አርፈው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ በ2001ም እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሰውዬው የተሾሙ ቄስም ናቸው። መንግሥታቸው በዚያ ሳቢያ አልፈረሰም፤ ቅስናቸውም አልተገፈፈም። የእኛ ሰው ግን የዕድር ጸሐፊነቱን እንዳያጣ ይሸሽጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ፣ ለወባና ለሳንባ የሚሠራውን ጥበብ ለአእምሮ ሲሆን የሚነፍገው በምን ሂሳብ ነው?

እግሩ የተሰበረ እንደ ሆነ ምግብ በሳህን ተሸፍኖ ይመጣል፤ አልጋው ዙሪያ መቀመጫ ይጠፋል። በኀዘንማ እንዴት ያለን ነን! አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በሁለት ቀን ገንዘቡ ይሞላል፤ ሳልስት፣ ሰባት፣ አርባ አይጓደልም። ራሱን ያጠፋ ሲሆን ግን «በድንገት ነው» ይባልና ስለ ፍትሐቱ በሹክሹክታ ይወራል፤ እናቱ የልጇን አሟሟት ሳታውቅ ታለቅሳለች። በሕይወት ሳለ በሩን ለማንኳኳት የፈራ ሰው ሬሳውን አጅቦ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይሄዳል። የሚጐድለን ርኅራኄ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። በሽተኛ መጠየቅ የሃይማኖቶቻችን ሁሉ ትእዛዝ፣ የባህላችንም ምሰሶ ነው፤ አዲስ ነገር ከፈረንጅ መበደር አያሻንም፤ የነበረውን ሳንሸራርፍ እንፈጽመው ነው የምንለው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን። በስብሰባችንና በጽሑፋችን «እብድ»፣ «ወፈፌ»፣ «የለቀቀ» የሚሉት ቃላት ለሰው መጠሪያነት አይዋሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚችሉ አባላት፣ ሕመምተኛው ሲፈቅድ ብቻ፣ ወደ ሐኪም አብረው ይሂዱ፤ ይህም ለማስተርጐም ሳይሆን ከጐኑ ለመቀመጥና ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ለመጠየቅ ነው። ጠበል የሚፈልገው በጠበሉ አይነቀፍ፤ መድኃኒት የሚወስደውም በመድኃኒቱ አይታማ። በሆስፒታልም በቤትም የሚተኛ አባል ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቡና ተይዞ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይጠየቅ፤ እምቢ ካለም በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይንኳኳ። የተረኞቹ ዝርዝር በጉባኤው ላይ ይሞላል፤ ተራውም የሚጀምረው በጥቅምት መጨረሻ፣ የአገሩ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት ሳምንት ነው።