በሬ ተሸጦ የሚገዛ ማስተርስ

የሀብሩና የወልድያ እኩዮቼ፣ ሼሁም ቄሱም፣ አራሹም ነጋዴውም፣ እንደኔ ጡረታ የወጣችሁም፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ለልጆቹ የሚነገረው ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ሰሞኑን በየለቅሶ ቤቱና በየዕድሩ አንድ ወሬ ደጋግሜ እሰማለሁ። "ልጄ ማስተርስ ሊጀምር ነው።" ምን ሊያጠና? "ቢዝነስና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ።" የት? "ቅርንጫፍ ከፍተዋል አሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።" ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል። አንዱ የእርሻ በሬውን ሸጧል። አንዱ ጊራና ያለችውን የመስኖ መሬቱን አከራይቷል። ብዙው ደግሞ ጅዳና ሪያድ ደውሎ፣ ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ልጁ "ወንድምሽ ሊማር ነውና አግዢው" ብሏታል።

እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ወጋችን ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ ሳልጠይቅ አልልም፤ እናንተም ሳትጠይቁ አትክፈሉ። በእኛ በሬና በሴት ልጆቻችን ላብ ባዶ ወረቀት የሚሸጥበት ገበያ ቆሟል። ገዢ ባይኖር ሻጩ ድንኳኑን ነቅሎ በሄደ ነበር። ገዢዎቹ እኛ ነን።

ትምህርቱ ከንቱ ነው አላልኩም። እንዲያውም የዘመኑ ዋና ሙያ ነው። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር "ይህ ደግሞ ምን መጣ" ያልን ሰዎች ዛሬ የማንጎ ሂሳብ የምንቀበለው በስልክ ነው። መጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውንም አስታውሱ። ባንኩ ሲስተሙ ላይ ሥራ ሲሠራ በተፈጠረ ስህተት፣ ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ወሬው በስልክ ከግቢ ግቢ ተዛመተና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣብኝ ያለው 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አንመልስም ያሉትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ለእንዲያ ያለ ሌሊት የሂሳብ ሰው ብቻውን አይበቃም፣ የኮምፒውተር ሰውም ብቻውን አይበቃም። አዲስ ነገር ሲስተም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን መፈተሽ እንዳለበት፣ ማን ሠርቶ ማን እንደሚያጸድቅ፣ በማግስቱ ሂሳቡ ከመዝገብ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛ ዲግሪው ሊያወጣልን የሚገባው ይህንን ሰው ነው።

ታዲያ እውነተኛው ትምህርት ምን እንደሚመስል እንወቅ፤ ያለዚያ ሐሰተኛውን አንለየውም። በመጀመሪያ የመጀመሪያው ዲግሪ በእጅ መኖር አለበት። ከ2015 ወዲህ የሚመረቅ ልጅ የመውጫ ፈተናውን ከመቶ 50 አምጥቶ ካላለፈ ዲግሪ የለውም። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ብሔራዊ ፈተናም ተጀምሯል። "ፈተናው ለኛ አይመለከትም፣ እኛ እናስገባዋለን" የሚል መዝጋቢ ካጋጠማችሁ፣ ወንበሩ ሳይሞቅ ተነሥታችሁ ውጡ። ልጁ ከገባ በኋላ ደግሞ ስታቲስቲክስ አለ፣ ዳታቤዝ አለ፣ የፋይናንስ ትንተና አለ፤ አማካይ ውጤቱ ከ3 ነጥብ ከወረደ አይመረቅም። መጨረሻ ላይ ቴሲሱን ጽፎ፣ ከውጭ የመጣ ፈታኝ ባለበት ቆሞ ይሟገትለታል።

ቴሲሱ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ስላሳለፍኩ ልጆች "ጋሼ አንብብልኝ" ብለው ያመጡልኛል። አንዱ ያመጣልኝ ስለ ሞባይል ባንኪንግና ስለ ደንበኞች እርካታ ነበር። ሽፋኑ "በወልድያ ከተማ" ይላል። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ "የሐዋሳ ከተማ ደንበኞች" የሚል ብቅ አለ። ሁለት ገጽ አለፍኩ፣ አሁንም ሐዋሳ። "ይህ ምንድን ነው?" ስለው "የጻፈው ልጅ ረስቶት ነው ጋሼ፣ ይስተካከላል" አለኝ። የጻፈው ሌላ ሰው መሆኑን ከእኔ ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። ያስደነገጠኝ ሐዋሳ አይደለም፤ እንዲያ ቀለል አድርጎ መናገሩ ነው።

ሌላ ቤት ደግሞ መጠይቅ ሲሞላ አየሁ። ከመቶ በላይ የባንክ ደንበኛ ሊሞላው የሚገባ ወረቀት ምንጣፍ ላይ ተከምሯል። ታናናሾቹ፣ የአጎት ልጅ፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ሳትቀር እስክሪብቶ ይዘው "እስማማለሁ" እና "በጣም እስማማለሁ" ላይ ራይት ያደርጋሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ "አልስማማም የሚለው ላይስ ላድርግ?" ብላ ጠየቀች። "አንዳንድ ቦታ አድርጊ፣ እውነት እንዲመስል" አላት ተመራቂው። አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ያ አባት ከእኛው አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሳቁ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ልጅቷ በዚያች ምሽት ከትምህርት ቤት ያላገኘችውን ትምህርት ተምራለችና።

እውነተኛ ምርምር ግን ሩቅ አይደለም፤ በዚሁ በሀብሩ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። አቀንጭራ የማሽላችንን ሥር ይዞ ሲመጥጠው የኖርን ሰዎች ጎብዬ፣ አብሺርና ብርሃን የሚባሉትን፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ስም ሰምተናል። እንዲህ ያለ ዘር ከገበሬ እጅ ከመድረሱ በፊት በየቦታው፣ ክረምት በክረምት ላይ ይዘራል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘናል። ተመራማሪው ማሳ ሳይወርድ ቁጥሩን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቢሞላው ኖሮ የሚራበው ማን ነበር? የባንክ ቁጥር ሲሆን ረኃቡ ቶሎ አይታይም እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ወደ ተቋሙ የማስተማር ፈቃድ ልለፍ። "ተቋሙ እኮ ስመ ጥር ነው፣ አዲስ አበባ ፎቅ አለው" የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ፎቁ አያከራክረንም። በአገራችን አሠራር ዕውቅና ለተቋም ስም በጅምላ አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ መደበኛ ይሁን ርቀት ተለይቶ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ላይ ኤምቢኤ እንዲያስተምር የተፈቀደለት፣ ወልድያ ላይ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ዲግሪ የተፈቀደለትም ለሁለተኛው ተፈቅዶለታል አያሰኝም። ዕውቅናውን የሚሰጠው ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ፣ አሁን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የምንለው መሥሪያ ቤት ነው። የግል ተቋማትም እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ አዝዟል፤ ስለዚህ በፍሬም ተደርጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የድሮ ወረቀት ዋስትና አይሆናችሁም። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ነው ካሏችሁ ደግሞ፣ ልጁ ሲጨርስ የአቻ ግምት የሚጠይቀው ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ተመርቆ ከሚከለከል ሳይመዘገብ ይጠየቅ።

"በኦንላይን ነው" የሚሉም አሉ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደከረመ ማን ይነግረናል? ዘመድ በሞት ሲለየን እንኳ መርዶ የምንልክበት አጥተን ነበር። በእነዚያ ወራት እዚሁ አገር ተቀምጦ "ኦንላይን ተምሬ ጨረስኩ" ያለ ሰው፣ ትምህርቱን በየት በኩል አየው?

ርቀት በራሱ ነውር የለበትም። መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤምቢኤ ያገኙት በሥልጣን ላይ ሳሉ፣ ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው። ስለ ሰውየው ፖለቲካ በእኛ ምድር ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እሱ ይቆየን። አገር የሚመራ ሰው ከሥራው ጋር ሊማርበት የሚችል መንገድ ነው ለማለት ነው። ነገር ግን መንግሥት በነሐሴ 2002 የርቀት ትምህርትን በጅምላ አግዶ፣ ቆይቶ እንዳነሳውም አትርሱ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ ልቡ ተሰቅሎ የሚከርመው ቀድሞ የከፈለው ነው።

ወረቀቱ ምን ያመጣል የሚለውንም በቁርጥ እንነጋገር። መምህር ከሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ደረጃውንና ደመወዙን ያነሣለታል፤ እሱ ይማር። በሌላው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ጄኢጂ የሚሉት የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ከመጣ ወዲህ ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው። በዚያው መደብ ላይ ተቀምጦ ማስተርስ ቢጨምር በወር መጨረሻ የሚፈርመው ያንኑ ነው። ባንኮቹ ሲቀጥሩ ይፈትናሉ፤ ቴሲስ የጻፈለት ልጅ ፈተና ክፍል አብሮት አይገባም። ዲግሪ ይዞ መርሳ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ሞልቷል። ሥራው ክቡር ነው፣ ቤተሰብ ያኖራል። ባጃጁን ሸጦ ማስተርስ የገዛ ግን ኋላ ባጃጁንም ሥራውንም አጥቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። በሬውም እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በዶላር ፊት የነበረው ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ዛሬ የሸጣችሁትን በሬ ከርሞ በዚያው ገንዘብ አትመልሱትም።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ከሀብሩ ወደ ዓረብ አገር የሄዱት ሴቶች ልጆቻችን ስንት ናቸው? እያንዳንዳችን ከቤታችን ጀምረን ብንቆጥር ጣታችን አይበቃም። ብዙዎቹ የሄዱት ትምህርታቸውን አቋርጠው ነው፤ በባሕር የሄዱ አሉ፣ የቀሩም አሉ። ያቺ ልጅ የሰው ወለል ወልውላ፣ የሰው ሕፃን አዝላ፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዞባት የላከችው ገንዘብ መርሳ ሲደርስ የወንድሟን ቴሲስ ለሚጽፍ ሰው ይከፈላል። እሷ አሥረኛ ክፍል ላይ የተወችውን ትምህርት ወንድሟ ሳይማረው በስሙ እንዲጻፍለት ማለት ነው። ስትደውል "እንዴት ነው ትምህርቱ?" ትላለች። "ጥሩ ነው፣ ሊመረቅ ነው" እንላታለን። ይህን በዱአም በጸሎትም ፊት የምናቀርብበት አፍ ከየት እናመጣለን? በሷ ገንዘብ መወሰን ካለብን እውነቱ ተነግሯት፣ እሷም "ይሁን" ብላ ይሁን።

ልጁ በእርግጥ ሙያውን ከወደደ ማረጋገጫው ቅርብ ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ ስልክና ኔትወርክ ይበቃዋል። ኔትወርክ ባለበት ሰሞን ሁለት ወር ያንን ሲማር እዩት። ሁለት ወር ያልጸናበትን ነገር ሁለት ዓመት ክፈሉልኝ ካለ መልሱን ታውቁታላችሁ። ምክር ለመጠየቅም ሩቅ አትሄዱም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ጀምሮ ደጃችን ላይ ነው፣ መርሳም ግቢ አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው እንዴት እንደተዘረፈ አይታችኋል። ከዚያ ውድመት በኋላ ተመልሰው የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። ልጁ የያዘውን የትምህርት ፕሮግራም ዝርዝር ይዛችሁ ሄዳችሁ "ይህ ትምህርት ነው ወይ?" በሏቸው። አንድ ቀን ይፈጃል፣ ብር አይጠይቅም።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ አላችሁ። የተከፈለው ላይመለስ ይችላል፤ ቀሪውን ግን ገና አልሰጣችሁም። ከመስጠታችሁ በፊት ልጁን አስቀምጣችሁ ስለ ቴሲሱ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ በአማርኛ፣ እናንተ በሚገባችሁ ቋንቋ። ማንን ጠየቀ? ምን አሉት? ምን አገኘ? እየተንተባተበ "አድቫይዘሬ ነው የሚያውቀው" ካለ ያ ቴሲስ የሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ገንዘብ የእናንተ ኃጢአት ነው። መጠይቁን አንሥቶ ራሱ ይውጣ። ወልድያ ባንክ በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ደንበኛ አንድ በአንድ ይጠይቅ። ፀሐይ ይምታው፣ አንዳንዱም ይቆጣው። ወረፋው ላይ እኔም አለሁ፤ የጡረታ ብሬን ለማውጣት ሲስተም የለም እየተባልኩ የምመላለስ ሰው ነኝና፣ "አልስማማም" የምልበትን አንድ በአንድ እነግረዋለሁ።