ቀለሙን አይተን የገዛነው ተሳቢ

መቼስ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሌላው ቢቀር መጠየቅ ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እኛም አራት ዓመት ሙሉ “ማን? ምን? የት? መቼ? ለምን? እንዴት?” እያልን ስንሸመድድ ኖረን፣ ጥቁር ጋዋን ለብሰን፣ ፎቶ ተነስተን ወጥተናል። ታዲያ በሕይወታችን ትልቁን ግዢ የፈጸምን ቀን ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቅንም። የጠየቅነው ሰባተኛውን ነው፦ “መጨረሻው ስንት ነው?”

የገዛነው ተሳቢ ነው። አትሳቁ! ሁለት እህትማማቾችና አንድ ሹፌር ወንድም፣ የእናታችን እቁብ፣ የአጎታችን ብድር… ሲደማመር አንድ ባለ ሦስት አክስል ሃይቤድ ሆነ። ጎታቹ የወንድማችን አሠሪ፣ ተሳቢው የእኛ፣ ገቢው የጋራ። ልናየው የሄድን ዕለት ሻጩ ወንድማችንን ብቻ እያናገረ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ መጣና “እናንተ ደግሞ ቀለሙን ምረጡ” አለን። ተናደድን። ግን እውነቱን እናውራ ካልን የመረጥነው በቀለሙ ነው። ቀይ ነበር፤ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቀይ። ደላላው “ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ነው የሚመስለው” ሲል “የሚመስለው” የምትለዋን ቃል አልሰማናትም። ቃል ሥራችን ነው እያልን!

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ እናብራራ። ጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ በግሪስ የተለወሰች፣ አፏ የተከፈተ፣ የፈረስ ኮቴ የምትመስል ወፍራም ብረት አለች። ፈረንጆች “አምስተኛ ጎማ” ይሏታል። ስሟ ከፈረስ ጋሪ ዘመን የተረፈ ነው፤ ያኔ የጋሪው የፊት አክስል እንዲዞር የሚያደርግ አግድም የተኛ ክብ ነበር። ከተሳቢው ሆድ ሥር የምትወርደው ኪንግ ፒን እዚያች አፍ ውስጥ ገብታ ትቆለፋለች። በብዙዎቹ ተሳቢዎች ላይ ያለችው ኪንግ ፒን ውፍረቷ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 400 ኩንታል የሚጎተተው በእሷ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ዘዴ ቤት ይጎተታል፤ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት መኝታ ቤታቸውንና ወጥ ቤታቸውን ፒክአፕ ላይ አያይዘው አገር ለአገር ይዞራሉ። እኛ የምንጎትተው ቤት ሳይሆን ቤታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች የሚበሉትን እህል ነው።

የመጀመሪያው ጭነት ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም ወደ ጀዊ ነበር። መንገዱ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ፣ በጎሬ ያልፋል። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት፤ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱን የሚወርደው ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑ፣ ባሌስትራው፣ ብየዳው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ወንድማችን ከቡሬ በኋላ ቁልቁለቱን እንደጀመረ ከበስተኋላው “ጧ!” የሚል ድምፅ ሰማ። ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ በባትሪ ሲያይ ኪንግ ፒኗን የያዘው ወፍራም ላሜራ ከሻንሲው ጋር የተጋጠመበት ብየዳ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ዙሪያ ቀዩ ቀለም ተፈርፍሮ ሥሩ ነጭ ነገር ታየ። ስቱኮ ነው። አዎ፣ የሳሎን ግድግዳ የሚለሰንበት ዓይነት! የቆየ ስንጥቅ በስቱኮ ተደፍኖ፣ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ፣ ቀይ ተቀብቶ ነበር የተሸጠልን።

ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ተገለበጠ። ተሳቢው እስኪሠራ ዘጠኝ ቀን ቆመ፤ የሁለት ጉዞ ትርፍ በላ። መቱ ያገኘነው አዛውንት በያጅ ሥራውን ሲጨርሱ ስቱኮውን በጣታቸው እየጫሩ “ልጆቼ፣ ቀለም ጭነት አይሸከምም” አሉን። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳን ሌላ ሐሳብ ነው። ብየዳው እዚያ ጫካ መሐል ሳይሆን ጀዊ በር ላይ ቢለቅስ ኖሮ?

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የስደተኞች መጠለያው የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ በ2006 ክረምት ሌችዎር መጠለያ የነበሩትን የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ጎርፍ ካፈናቀላቸው በኋላ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል፤ አብዛኛው ሴትና ሕጻን ነው። ይህን ያህል ሰው ባለበት ቦታ መንገድ የመኪና ብቻ አይሆንም፤ እንጨት የተሸከመች እናት፣ ጀሪካን ያንጠለጠለች ልጅ፣ ኳስ የሚያባርር ሕጻን ሁሉ መንገዱ ላይ ነው።

በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በእርዳታ ሥራ ላይ የነበረ መኪና ከጀዊ አጠገብ ሁለት የስደተኛ ሕጻናትን ገጭቶ ገደለ። በቁጣ የተነሱ ስደተኞች ደግሞ በአደጋው እጃቸው የሌለበትን፣ ሥራ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን ገደሉ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከአሥር በላይ ነበር። ይህን የምናነሳው ቁስል ለመነካካት ወይም ያንን ሹፌር ለመክሰስ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቦታ የመኪና አደጋ የመኪና አደጋ ሆኖ እንደማይቀር ለማስታወስ ነው። ተሳቢ ገዝቶ ወደዚያ የሚልክ ሰው የሚገዛው ንግድ ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ ለማለት ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳቢ የምትገዙ፣ ተደራጅታችሁም ሆነ በእቁብ፣ እኛ የረሳናቸውን ስድስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ።

ማን ሠራው? ሻንሲው ላይ የአምራቹ ሰሌዳ መኖር አለበት፤ ስም፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመት፣ የባዶው ክብደትና የሚጭነው ልክ ተጽፎበት። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የመቀሌው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ለዓመታት ተሳቢና ቦቴ ሲያመርት የቆየ ፋብሪካ ነው፤ በ2013 በተጀመረው ጦርነት ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ የአገር ውስጡንም ሆነ የውጭውን ስትገዙ “ማን ሠራው?” ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ “ዛሬ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?” በሉ። አክስሉም የራሱ ሰሌዳ አለው፤ የጀርመኑ ቢ.ፒ.ደብሊው ይሁን የቻይናው ፉዋ፣ መለዋወጫው ጅማና መቱ ላይ ይገኝ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ምን ተሸክሞ ኖረ? ተሳቢውን በባዶው፣ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ከጎን እዩት። ብዙ ጊዜ በደንብ የተሠራ ተሳቢ ባዶውን ሲሆን መሐሉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ጭነት ሲያርፍበት ነው የሚስተካከለው። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሩ። ሆዱ ወደ ታች ከሰረገደ ከልኩ በላይ ሲጫንበት ኖሯል ማለት ነው።

የት ነው የተበየደው? እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጥሩ ብየዳ ወጥ ነው፤ አይቆራረጥም፣ አይንጠባጠብም። ሥሩ ግቡና የሁለቱን ዋና አግዳሚዎች የታችኛውን ጠርዝ በባትሪ ተከተሉት። ጠርዙን በአግድሙ የሚያቋርጥ ብየዳ ካያችሁ አንድም ተሰብሮ ተቀጥሏል፣ አንድም እዚያው ይሰበራል፤ ከጭነቱ የተነሳ የሚለጠጠው ያ ጠርዝ ነውና። ማግኔትም ያዙ። ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ትንሽ ማግኔት ትበቃለች፤ ብረት ላይ ትጣበቃለች፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። እኛ ይችን ማግኔት ይዘን ሄደን ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

መቼ ተለካ? ኪንግ ፒኗን በካሊፐር ለኩ። ትንሿ ዓይነት አዲስ ስትሆን ቀጭኑ ወገቧ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ49 በታች ከወረደች ትቀየር። ጎማውም ጎኑ ላይ የተወለደበትን ቀን ይነግራችኋል። “2319” የሚል ካያችሁ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ ወጣት አይደለም፤ የጋምቤላ ሙቀት ላይ ያረጀ ጎማ ይፈነዳል።

እንዴት ይቆማል? ተሳቢውን ከጎታቹ ጋር አያይዛችሁ፣ አየር ከሞላ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ቀይዋን የአየር ቱቦ አስነቅሉ። ተሳቢው በራሱ ጊዜ መቆለፍ አለበት። ካልቆለፈ ቁልቁለት ላይ ቱቦዋ የተበጠሰች ቀን የሚያቆመው ነገር የለም። ጎማ አስፈትታችሁ ታምቡሩ የተሰነጠቀ፣ ሸራው ያለቀ እንዳይሆን እዩ። ሻጩ “ጊዜ የለኝም” ካለ እናንተም ገንዘብ የላችሁም።

ለምን ይሸጣል? ይህን ሻጩን ጠይቁ፤ ከዚያ ደግሞ ራሳችሁን “ለምን እንገዛለን?” በሉ። በሰኔ 2015 ለስደተኞች የሚሰጠው የምግብ እርዳታ ተቋርጦ አራት ወር ገደማ ቆይቷል። ጀዊ ላሉ ሰዎች ረሃብ ነበር፤ እህል ለሚያመላልስ ባለተሳቢ ደግሞ የቆመ ጎማ። በአንድ ዓይነት ጭነት ብቻ ተማምናችሁ ብድር አትግቡ።

“ይህን ሁሉ የሚያሟላ ተሳቢ በእኛ ብር አይገኝም” የሚል እንዳለ እናውቃለን፤ ያሉን ሰዎችም አሉ። መልሳችን፦ ያረጀ ግዙ፣ ቀለሙ የለቀቀ ግዙ፣ ባለ ሁለት አክስል ግዙና ትንሽ ጫኑ። ጉዳቱ በግልጽ የሚታይ አሮጌ ከተሸፈነ “አዲስ” ይሻላል። ለደላላ ከምትሰጡት ኮሚሽን ጥቂቱን ደግሞ ቀንሳችሁ የራሳችሁን በያጅ ወይም መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

ግን ሸክሙን ሁሉ ገዢ ላይ መጣልም ፍርደ ገምድልነት ነው። ስንጥቅ ደፍኖ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ ሳይሆን አታላይ ነው መባል አለበት። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መብራትና ጎማ ታይቶ የሚያበቃ ከሆነ ስሙን ይቀይር። ጭነት የሚያጫርቱ ድርጅቶችም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ከመምረጣቸው በፊት ከተሳቢው ሥር አንድ ሰው ያስገቡ። እህሉ በሰላም ደርሶ የሚያመጣው መኪና ልጅ ከገደለ እርዳታው ምኑ ላይ ነው?

ባለፈው ሳምንት ያው ደላላ ደወለልን። ዋጋ ስለጨመረ ብንሸጠው ያዋጣናል አለ። “ያችን የተበየደችዋን ቦታ ብቻ ትንሽ ለስኑና ቀይ ቀቧት፤ ማንም አያያትም።”

ብድሩ ገና አላለቀም። አልዋሽም፣ ለሁለት ቀን ተወያይተንበታል። በመጨረሻ ብየዳዋን ከዝገት እንዲጠብቃት አንቲራስት ብቻ ቀብተን ተውናት። ቀይ ተሳቢ ላይ ግራጫ ሆና ከሩቅ ትታያለች። ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለእሷ ይሆናል፤ እኛም ቡሬ ቁልቁለት ላይ የሆነውን እንነግረዋለን።