የሠላሳ ዓመት ሚስት

በብዙ አገር ትዳሩ በረዘመ ቁጥር ከፍቺ በኋላ የሚቆረጠው ቀለብ ይጨምራል። የእኛው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) የጋራ ንብረትን እኩል ያካፍላል፣ የልጆችን ቀለብ ይወስናል፣ ለፍቺው ጥፋተኛ የሆነውም ካሳ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ግን ዘላቂ ቀለብ አይቆርጥም። ዓመት የሚቆጥረው፣ ይገርማል፣ ያለ ጋብቻ አብረው ለኖሩት ነው፤ ንብረታቸው የጋራ የሚሆነው ቢያንስ 3 ዓመት ሲኖሩ ነው።

በአማራ ክልል፣ ንፋስ መውጫ ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ውሃ ቀድታ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ልጅ አሳድጋ የተፋታች እናት ከሁለት ዓመት ሙሽራ እኩል ትታያለች። የሚካፈል ከብትና እህል ካለ እሰየው። ከሌለስ? ጉልበቷ አልቋል። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለውና፣ ምክር ቤቱ ለረዥም ትዳር የመቋቋሚያ ቀለብ የሚፈቅድ አንቀጽ ሊያስብበት ይገባል።