የመድኅን መታወቂያው በእጅ፣ መድኃኒቱ በገበያ፦ ከአንኮበር ደጋና ቆላ የሚታየው የጤና ወጪ ጥያቄ

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ለሚሄድ ጤነኛ ሰው ረጅም አይባልም። ይሁን እንጂ የአንኮበር ወረዳ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ገደላማ ምድር ነው። ከዋናው መንገድ ርቆ በሸለቆው ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ሕክምና ፍለጋ የሚጀምረው መኪና ከመገኘቱ በፊት፣ ዳገቱን በእግር፣ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ከመውጣት ነው። በሽታውም እንደ ምድሩ ይለያያል። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቆላ ለወባ የተጋለጠ ሲሆን፣ በደጋው ብርድና በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሚባባሰው የመተንፈሻ አካላት ሕመም ይበረታል።

ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የጤና ጥያቄ ማለት የርቀት ጥያቄ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ ተክሎ ሁለት ባለሙያዎችን እንዲመድብ የተነደፈው ይህንኑ ለመመለስ ነው። በአገሪቱ መስፈርት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ያገለግላል። ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደርሰዋል።

በዚያው ጥናት ውስጥ ግን እምብዛም ያልተወራለት ሌላ ቁጥር አለ። በ2016 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። በ2019 ይህ ቁጥር 33 ሆኖ ተመዝግቧል። ልዩነቱ ከናሙና አወሳሰድ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሞት ጨመረ ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን በተቋም የሚወልዱ እናቶች በሦስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሊጨምሩ ጥቂት ሲቀራቸው የጨቅላ ሕፃናት ሞት አለመቀነሱ ቸል የሚባል አይደለም። እናቲቱ ጤና ጣቢያ ደርሳለች፤ ከደረሰች በኋላ ለሕፃኑ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ መድኃኒትና የሠለጠነ እጅ በሰዓቱ መገኘቱ ግን የተለየ ጉዳይ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የጤና አገልግሎት ጥራት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በሕክምና ሊድኑ ይችሉ ከነበሩ ሰዎች በየዓመቱ ከ8 ሚሊዮን በላይ እንደሚሞቱ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ ሕክምና ቦታ ደርሰው ጥራት ያለው አገልግሎት ያላገኙ ናቸው። ፈጽሞ ያልታከሙት 3.6 ሚሊዮን ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ በር ላይ ከሚቀረው ይልቅ በሩን አልፎ የሚሞተው በልጧል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የገባው በዚህ መካከል ነው። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። አሠራሩ ለገበሬው፣ ለአነስተኛ ነጋዴውና ደመወዝተኛ ላልሆነው የከተማ ነዋሪ የታሰበ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአብዛኛው እህል ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ መዋጮውን ይከፍላሉ። በምትኩ ቤተሰቡ በሙሉ በሕዝብ ጤና ተቋማት፣ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት እንደሚደረግ ቀዶ ሕክምና ካሉት በስተቀር፣ ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል። መክፈል የማይችሉ ድሆች መዋጮ በክልልና በወረዳ መንግሥት ይሸፈናል። ታካሚው ከጤና ጣቢያው ተልኮ እንጂ በራሱ ፈቃድ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቢሄድ ግን የመድኅኑ ጥቅም ይጓደልበታል።

መድኅኑ ሥራ እንደሠራ መካድ አይቻልም። አናጋው መብራቴ፣ ዘላለም ይልማና የሥራ ባልደረቦቻቸው የሙከራ ወረዳዎቹን ለዓመታት ተከታትለዋል። በጥናታቸው የመድኅኑ አባላት ወደ ሕዝብ ጤና ተቋማት የተመላላሽ ሕክምና የሚሄዱበት ዕድል ከ30 እስከ 41 በመቶ ከፍ ብሏል። የመበደር ዕድላቸውም በ5 ነጥብ ከመቶ ቀንሷል። ለገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕመም በገጠር የሚያደኸየው አንድም በአራጣ፣ አንድም በሬ በማሸጥ ነውና። እዚህ ላይ ግን ተመራማሪዎቹ ያገኙትን በቅንነት መጥቀስ ይገባል፦ ብድር ቢቀንስም መድኅኑ በከብት ሀብት ላይ ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። «መድኅን በሬህን ያድንልሃል» የሚለው የቅስቀሳ ቃል ገና በጥናት አልተረጋገጠም።

ከሙከራው ጊዜ የተገኘ ሌላም ትምህርት አለ። መድኅኑ በተጀመረ በዓመቱ ከታቀደላቸው ቤተሰቦች ከመቶ 41 ተመዝግበው ነበር፤ በፈቃደኝነት ለተጀመረ መድኅን ይህ በአፍሪካ ብዙም ያልታየ ፍጥነት ነው። ከተመዘገቡት ውስጥ ግን ከመቶ 18 ያህሉ ሳያድሱ ቀርተዋል።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት የገንዘቡን መንገድ መከተል ያሻል። መዋጮው ከመኸር በኋላ ይሰበሰብና በወረዳው ቋት ይቀመጣል። ጤና ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ አባላቱን በዱቤ ያክማል፤ ሂሳቡን አጠናቅሮ ለመድኅኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ተመርምሮ ይከፈለዋል። በተከፈለው ገንዘብ መድኃኒት ይገዛል፤ ያንን ለታካሚ ሰጥቶ እንደገና ያስከፍላል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲዘገይ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። አባላቱ እንደታየው ቀድሞ ከነበረው በላይ ይታከማሉ። መዋጮው ግን በዓመት አንድ ጊዜ የተቆረጠ ነው። በመካከል የመድኃኒት ዋጋ ቢንር ቋቱ የሚያካክስበት መንገድ የለውም።

ዋጋውም ንሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ የባንክ ቤት ዜና መስሎ የታየው ጉዳይ ሳይውል ሳያድር የገጠር ጤና ጣቢያ ጉዳይ ሆኗል። በዶላር ለሚገዛ መድኃኒት በቀድሞው ዋጋ የታቀደ የመድኅን በጀት እንደ በፊቱ ዓመቱን ሊያዘልቅ አይችልም።

መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ለታካሚው የሚሰጠው ወረቀት ነው። ማዘዣውን ይዞ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል። መዋጮውን በጥር ከፍሏል፤ መድኃኒቱን በሐምሌ፣ ጎተራው በሚሟጠጥበት ወር፣ ሁለተኛ ይከፍላል። ወደ ደብረ ብርሃን ከተላከም ትራንስፖርቱን፣ ለአስታማሚው ማደሪያና ምግብ፣ የቀረውን የእርሻ ቀን መድኅኑ አይሸፍንም። ከአንኮበር ቆላ ለሚነሣ ሰው ይህ ወጪ ለደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪ ከሚሆነው ብዙ እጥፍ ነው፤ ሁለቱ እኩል መዋጮ ቢከፍሉም እንኳ የሚያገኙት እኩል አይሆንም። ይህ ልዩነት በመድኅኑ ስሌት ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው መሆኑ ትልቅ ጉድለት ነው።

እንዲህ ያለ ገጠመኝ የደረሰበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ላያድስ ይችላል። መጀመሪያ የሚወጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኞቹ ናቸው፤ ሕመምተኛው አማራጭ ስለሌለው ይቆያል። የሚያዋጣው እያነሰ የሚታከመው እየበዛ ሲሄድ ቋቱ ይደርቃል። ወረዳዎች የሚመዘኑት ስንት ቤተሰብ አስመዘገቡ በሚለው ቁጥር ከሆነ፣ ሹማምንቱ ትኩረታቸውን ለዕድሳት ቅስቀሳ ማድረጋቸው አያስገርምም። ስንት ማዘዣ መድኃኒት ሳያገኝ ተመለሰ የሚለው ቁጥር ግን ከዚያ የበለጠ የዕድሳቱን ዕጣ ይናገራል።

የአንኮበር ሕዝብ ከዘመናዊው ሕክምና በፊትም ያለ መድኃኒት የኖረ አይደለም። ኤርሚያስ ሉለቃልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንኮበር ወረዳ ሰዎች ለሕመማቸው የሚጠቀሙባቸውን 135 የዕፅ ዓይነቶች መዝግበዋል። ይህ የሚከበር እውቀት ነው። ሆኖም በወረቀት ማዘዣ ተሸኝቶ የተመለሰ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ዕፁን የሚይዘው መርጦ ሳይሆን አጥቶ ሲሆን፣ የባህል ሕክምናው የማይችለውን ሸክም ይሸከማል።

ነገሩ ከወረዳ አቅም በላይ የሆነበት ገጽታም አለው። እ.ኤ.አ. የ2016/17ን በጀት ዓመት የመረመረው ሰባተኛው ብሔራዊ የጤና ሂሳብ፣ በኢትዮጵያ ለአንድ ሰው በዓመት ለጤና የሚወጣው 33 ዶላር ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ለመሠረታዊ ሕክምና ያስፈልጋል ተብሎ በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የተገመተው ደግሞ በ2012 ዋጋ 86 ዶላር ነው። ከ33ቱ ዶላር ሲሶው ገደማ ከቤተሰብ ኪስ፣ ሲሶው ከመንግሥት፣ ሲሶው ከውጭ እርዳታ የተገኘ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሕክምና ወጪ መደኽየት የሚቀንሰው የኪስ ወጪ ከአጠቃላዩ ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው ይላል። የውጭው ሲሶም አስተማማኝ አልሆነም። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል በአገሪቱ እንዲቋረጥ ተደርጓል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም የአምቡላንስንና የመድኃኒት መኪናን ጉዞ አስቸጋሪ አድርጓል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የወረዳን ትንሽ ቋት ብቻውን ሊሸከመው ወደማይችለው ጫና ይገፋዋል።

ስለዚህም ቋቱን ከወረዳ ከፍ አድርጎ በዞን ወይም በክልል ደረጃ የማዋሐድ ሐሳብ ክብደት አለው። አንድ ወረዳ የወባ ወረርሽኝ ሲመታው ሌላው ሊደግፈው ይችላል። አደጋም አለበት፦ ውሳኔው ከገበሬው ይርቃል፣ ክፍያውም በቢሮ ብዛት የባሰ ሊዘገይ ይችላል። ቋቱ ቢሰፋ እንኳ ለጤና ጣቢያ የሚከፈለው በሰዓቱ ካልተከፈለ፣ በጤና ጣቢያው የታጣው መድኃኒትም መድኅኑ ውል ከገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት በመታወቂያው የሚገኝበት መንገድ ካልተበጀ፣ ለታካሚው የሚለወጥለት ነገር ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቀው አንድ ሥራ ሂሳቡን ለባለቤቱ ማሳየት ነው። መዋጮ ሲሰበሰብ በቀበሌ ስብሰባ የሚነገረው የሚከፈለው ብር መጠን ነው። አባላቱ ባለፈው ዓመት ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ለየትኛው ጤና ተቋም ስንት እንደተከፈለ፣ ስንት ወር እንደዘገየ፣ የትኞቹ መድኃኒቶች ለስንት ቀን እንደጠፉ አብረው ሊነገራቸው ይገባል። የጎረቤላ ነጋዴም ሆነ የአልዩ አምባ ገበሬ ዕቁቡንና ዕድሩን የሚያምነው ዳኛውና ጸሐፊው በተሰብሳቢው ፊት ሂሳብ ስለሚያወራርዱ ነው። መድኅኑ መዋጮውን ሲቀበል እንደ ዕድር «የጋራችን» ይላል፤ ሂሳቡ ግን እስካሁን በአብዛኛው በቢሮ መዝገብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።