ቀኖናው ተፈጽሟል፤ ካርታው በማን ስም ነው?

አንዲት ሴት 10 ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ በየወሩ ለወንድሟ ብር ላከች እንበል። ወንድሟ በብሩ ቦታ ገዛ፣ ቤት ሠራ፣ ካርታውን ግን በራሱ ስም አወጣ። እንዲህ ያለ ታሪክ ለማንም አዲስ አይደለም፤ በየሰፈሩ አለ። ሊያስደነግጥ የሚገባው ይህ ሰው ንስሐ ገብቶ፣ ቀኖናውን ጨርሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከቆረበም በኋላ ካርታው በዚያው ስም መቀመጡ ነው።

ሰውየው ንስሐ አባቱን ዋሽቷል ማለት አይደለም። «ገንዘብ እወዳለሁ፣ ስስት አለብኝ» ብሎ ተናዞ ይሆናል። አልቅሶም ይሆናል። ስግደት ታዘዘ፣ ሰገደ፤ ጾም ታዘዘ፣ ጾመ። ያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስስቱ የማንን ገንዘብ እንደበላ አልተናገረም። ኃጢአት በጥቅሉ ሲነገር አይከብድም። «በሐሳብም በሥራም በድያለሁ» ማለት ማንንም አያሳፍርም። «የእኅቴን ብር በልቻለሁ» ማለት ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ንስሐ ስታስተምር መጸጸትን፣ መናዘዝንና ቀኖና መፈጸምን አያይዛ ነው። ብዙው ምእመን ግን ቀኖና ሲባል የሚታየው የስግደት ቁጥር ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ሰውን የበደለ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደሚያዝ ይታይ። ይናዘዛል፣ የወሰደውን በሙሉ ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅም ይጨምርበታል። የሚመልሰው ለተበደለው ሰው ነው። ገንዘቡ ለእግዚአብሔር ሆኖ ለካህኑ የሚሰጠው የሚቀበል ዘመድ ሲታጣ ብቻ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ዛሬ ስንት ጊዜ ይገለበጣል! ተበዳይ በሕይወት እያለ፣ ስልክ ቁጥሩም እየታወቀ፣ ብሩ ለመጋረጃ፣ ለምንጣፍ፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ይሰጣል። ስጦታው በዐውደ ምሕረት ይነገራል፣ እልል ይባላል። (እልል ከሚሉት መካከል የሁለቱም እናት ልትኖር ትችላለች።)

ከዘኬዎስ ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሾላ ላይ መውጣቱን ነው። ከወረደ በኋላ የተናገረው ግን ስለ ገንዘብ ነበር፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት ለከሰሰው ደግሞ አራት እጥፍ። ለድሆች መስጠቱ ለተበደሉት መመለሱን አላስቀረለትም፤ ሁለቱን ለየብቻ ነው የጠራቸው። ጌታም ለዚያ ቤት መዳን እንደሆነለት የመሰከረው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። በየዓመቱ 3 ቀን የሚጾመው የነነዌ ጾም ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የንጉሡ አዋጅ ማቅ መልበስንና መጾምን ብቻ አላዘዘም፤ ሰው ሁሉ በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስም አዟል።

«ታዲያ የካህኑ ፍትሐት ከንቱ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የማሰርና የመፍታት ሥልጣኑ የተሰጠው ከጌታ ነው። ነገር ግን ካህኑ የሰማውን ለእኅትየው ሊነግራት አይችልም፤ የኑዛዜ ምሥጢር ነው። ስለዚህ ካሳው ከተናዛዡ እጅ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። ካህኑ የሚችለው መጠየቅ ነው፦ «የማንን ወሰድህ? አሁን የት አለ? መቼ ትመልሳለህ?» ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሣም። አንድ ንስሐ አባት ስንት ቤተሰብ እንዳላቸው፣ ከልጆቻቸውም ብዙዎቹን የሚያገኟቸው በበዓል ጠበል ለመርጨት ሲዞሩ መሆኑን ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ጠበሉ የሚረጨው በዚያው ቤት ነው፣ እንጀራው የሚቆረሰውም በዚያው ቤት ነው። እዚያ ተቀምጦ ስለ ካርታው መጠየቅ ቀላል አይደለም። ቢሆንም የንስሐ አባትን ከቤተሰብ ወዳጅ የሚለየው ይኸው ጥያቄ ነው።

በእርግጥ ነገሩ ሁልጊዜ እንደ ሒሳብ አይቀናም። ሰውየው አግብቷል፣ ወልዷል፤ ሚስቱ ቤቱ የባሏ መስሏት ነው የገባችው፣ ልጆቹ ምንም አያውቁም። ብሩ ተበልቶ ያለቀበትም አለ። መቆም ላቃተው በሽተኛ ስግደት እንደማይታዘዝ ሁሉ፣ መክፈል ለማይችልም በአቅሙ ሊታዘዝለት ይገባል። ስም ማዞር ካልተቻለ ግማሹን በስሟ ማድረግ፣ እሱም ካልሆነ በሽማግሌ ፊት ዕዳውን አምኖ ተፈራርሞ በየወሩ መክፈል ይቻላል። በወር 3,000 ብር ትንሽ ይመስል ይሆናል። እርሷም ስትልክ የነበረው እንዲሁ በየወሩ ነበር፤ በአንድ ቀን የላከችው የለም።

አንድ ነገር ግን አቅም አይጠይቅም፤ ስልክ አንሥቶ «ቤቱ በስሜ ነው» ብሎ እውነቱን መንገር። ይህን ቀኖና አድርገው የሚያዙ አባቶች አሉ። ከ100 ስግደት ይከብዳል፤ ተናዛዦችም «አባቴ፣ ስግደቱን ይጨምሩልኝ» ብለው ይለምናሉ።